አባዬን አርዲቦ ድረስ አውጥቶ በሰላም ለመለሰልን ልጅ ምስጋና ይድረሰው!

ባህርዳር ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ስኳር ያለበት ግን ቤት ቁጭ በል ቢሉት እሺ የማይል አባት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ይቺን ጽሁፍ ሳታነቡ አትለፏት። ረዘም ትላለች አውቃለሁ፣ ግን ይሄን ልጅ በሰው ፊት ሳላመሰግነው ብቀር ቅር ይለኛል።

አባዬ ትውልዱ ወሎ ነው፣ ሐይቅ። ባህርዳር በስራ መጥቶ እኛን ወልዶ አሳድጎ እዚሁ ጡረታ ወጣ። ነፍሱ ያለችው መንጠቆ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወርዶ ክሩን ጥሎ ቁጭ ይላል፣ አንዳንዴ አምባዛ አንዳንዴ ቆሮሶ ይዞ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው ግን ፊቱ በርቶ ነው የሚገባው። እማዬ ካረፈች ወዲህማ ያቺ መንጠቆ ናት አባዬን ያቆየችልን። እና ሁሌ የሚያነሳው አርዲቦን ነው። ለማታውቁት አርዲቦ ማለት ከሐይቅ ከተማ በላይ ተራራው ላይ የተኛ ሌላ ሐይቅ ነው፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ውሃው ሲሞላ በአንኮርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። አባዬ ልጅ ሆኖ ከብት ይዞ ይወጣ ነበር። "አንዴ እዛ ላይ መንጠቆ ጥዬ ልመለስ እንጂ ሌላ የምመኘው የለኝም" ይለናል። መኪና የሚጠጋበት መንገድ አለ፣ እሱ ግን በልጅነቴ መንገድ በእግሬ ካልሆነ አልሄድም ብሎ ድርቅ አለ።

ከዚህ ልጅ በፊት ያየነውን መከራ ደግሞ ስሙ። ስም አልጠራም፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። አንደኞቹ አስጎብኚ ነን ብለው ቀብድ ተቀበሉን፣ በቀጠሮው ቀን ሻንጣችንን በር ላይ አውጥተን አባዬ ኮፍያውን አድርጎ ቁጭ ብሎ ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም። ከሰዓት በኋላ ሲነሳ መኪናው ተበላሸ፣ በሳምንቱ ሾፌሩ ታመመ፣ ከዛ ጭራሽ ቁጥሬን ብሎክ አደረጉት። ብሩ ቀረ። ሌላኛው ደግሞ ይሄን እንኳን ሳስበው ያመኛል፣ እዚሁ ቅርብ ተራራ ለሙከራ ብለን ይዞን ወጣ፣ አባዬ ገና ትንሽ እንደሄድን ልረፍ ሲል ሰውዬው ሰዓቱን አይቶ "ሽማግሌ ይዞ ተራራ መውጣት ምን የሚሉት ነው" አለ። እሱ እየሰማ! አባዬ ምንም አልመለሰም፣ ዞሮ መውረድ ጀመረ። ከዛ በኋላ አርዲቦ የሚባል ስም ከአፉ ጠፋ። እኔን ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም፣ ይሄ ነው።

ይሄን ልጅ ያገኘው ራሱ አባዬ ነው፣ ጣና ዳር። በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ የሚያመላልስ ልጅ ነው፣ አባቱ አሳ አጥማጅ ነበሩ፣ አሳ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ሲመጣም ይዞ ይወጣል። አባዬ የወደደው በምን መሰላችሁ፣ ክረምት ላይ ብር እንክፈልህና ጉማራ ወንዝ አፍ ውሰደን ያሉትን ሰዎች እምቢ ሲላቸው ሰምቶ ነው። ነጩ አሳ በዛን ሰሞን እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራና ርብ የሚወጣበት ጊዜ ነው፣ መግቢያው ላይ ጠብቆ መያዝ ዘሩን ማጥፋት ነው ብሎ አስረዳቸው። ከጣና ነጭ አሳዎች እኮ ብዙዎቹ አይነቶች አለም ላይ ሌላ የትም የሉም። አባዬ ቤት መጥቶ "ዛሬ ሰው አገኘሁ" አለኝ።

ስደውልለት መጀመሪያ ስለ ብር አልጠየቀኝም። የአባዬን እድሜ፣ የሚወስደውን መድሃኒት፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ ጠየቀኝ። ቀብድ ልላክልህ ስለው "እህቴ መጀመሪያ መንገዱን እናጣራ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳላረጋግጥ ብር አልቀበልም" አለኝ። በየቀኑ ወረታ፣ ጋሸና፣ ወልዲያ ሰው ጋ እየደወለ ሲያጣራ ከርሞ ነው በሉ ተነሱ ያለን። ከወረታ ወልዲያ በሚወስደው በቻይና መንገድ ነው የሄድነው፣ ደብረታቦርን አልፈን ጉና ስንደርስ ያ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ልጁ ለአባዬ ጋቢ አዘጋጅቶ ይዟል። ወልዲያ አድረን በማግስቱ ሐይቅ ገባን። አባዬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ተሳለመ፣ ሴት ስለማይገባ እኔ ከውጪ ጠበቅኩት።

አሁን ዋናው። ሽቅብ እየወጣን ነው፣ አባዬ ደስ ብሎት እንደ ልጅ እየፈጠነ ነው፣ ልጁ ከኋላ እየተከተለ እግሩን እግሩን ያያል። ድንገት "ጋሼ እዚች ድንጋይ ላይ አረፍ ይበሉልኝ" አለው። አባዬ አልደከመኝም አለ። "አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የደከመኝ" ብሎ አስቀመጠውና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታለት ጀመር። ጫማው ውስጥ ምስር የምታህል ጠጠር! ትንሿ ጣቱ ጎኗ ቀልቷል፣ ልትላጥ ምንም አልቀራትም፣ አባዬ ግን ጭራሽ አልተሰማውም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ እየደነዘዘ ቁስል እንደማይሰማው ሀኪም ነግሮናል፣ ግን እኔ የገዛ ልጁ አብሬው እየሄድኩ አላየሁም፣ ይሄ ልጅ ግን የአባዬ አረማመድ ትንሽ ሲዛነፍ ከኋላ አይቶ አወቀ። በሃይላንድ ውሃ እግሩን አጠበው፣ በፎጣ በጣቶቹ መሃል መሃል ሳይቀር አደረቀለት፣ ከቦርሳው አዲስ ካልሲ አውጥቶ ገልብጦ አጠለቀለት። ለምን ገለበጥከው ስለው ስፌቱ ወደ ውጪ ሲሆን ጣት አይፈገፍግም አለኝ። ጫማውን አራግፎ እጁን ከቶ ውስጡን ዳበሰና አሰረለት። ከዛ በየእረፍቱ እንደዚሁ። አባዬ እኛን እግሬን አትንኩኝ የሚል ሰው ነው እኮ፣ ለሱ ዝም ብሎ እግሩን ሰጠው። በኋላ ለብቻው ሳመሰግነው "እናቴ ጣቷን ያጣችው እንዲህ ባለች ጠጠር ነው" አለኝና ወሬውን ቀየረ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ላይ ስንደርስ ስለ ክሩ ውፍረት፣ ክሩን ስለሚያሰምጠው እርሳስ፣ ስለ ቋጠሮው ሁለቱ ያወራሉ፣ እኔ ምንም አይገባኝም፣ ዝም ብዬ አባዬን አየዋለሁ። ቆሮሶ ያዘ! "በኛ ጊዜ እኮ ይሄ እዚህ አልነበረም" እያለ ይስቃል፣ እውነቱን ነው፣ ቆሮሶን ሐይቅ ውስጥ የጨመሩት በደርግ ጊዜ ነው። ትንንሾቹን ልጁ መንጠቆውን ቀስ ብሎ እያላቀቀ ወደ ውሃ መለሳቸው፣ ትልልቆቹን እዛው ጠብሶ በሎሚና በሚጥሚጣ አበላን። ግን አባዬ በሰዓቱ የስኳር መርፌውን ሳይወጋ ልጁ ማንም እንዲበላ አልፈቀደም፣ ሰዓቱን እሱ ነው የያዘው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች መጡ፣ አባዬ የማን ልጅ ነህ የማን ልጅ ነህ እያለ ሲጠይቅ አንዱ የአብሮ አደጉ የልጅ ልጅ ሆኖ አረፈው፣ እሱን ወሬ ለብቻው ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ባህርዳር ስንገባ ከነዳጁና ከምግቡ የተረፈውን ብር ከነደረሰኙ መለሰልኝ። ያዘው ብለው አሻፈረኝ አለ። የተስማማንበት ዋጋም ያ ቀብድ የበላን ሰው ከጠየቀን ያነሰ ነው!

ወገኖቼ ይሄ ልጅ ስራ ይገባዋል። እንግዳ እየቀነሰ ጀልባዎቹ ቆመው የሚውሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ሩቅ ባትሄዱ እንኳን ጣና ላይ ለግማሽ ቀን ያዙት፣ ዘጌ ውሰደን በሉት፣ ልጆቻችሁን መንጠቆ አስተምርልኝ በሉት፣ ትዕግስቱ ሌላ ነው። ዲያስፖራ ሆናችሁ ወላጆቻችሁን ማስደሰት የምትፈልጉም በሱ እጅ አደራ ብትሉ አታፍሩም፣ ደግሜ እላለሁ አታፍሩም። ስልኩን እዚህ አልለጥፈውም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እልክላችኋለሁ። ጠዋት ውሃ ላይ ስለሚሆን ከሰዓት በኋላ ደውሉለት፣ ጥምቀት ሰሞን ደግሞ ስራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ያዙት። መድሃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ገና ስትደውሉ ንገሩት፣ እሱ የቀረውን ራሱ ይጠይቃችኋል።