ካናዳ ካምፒንግ፦ "ቦታ ተይዟል" ለሚላችሁ ሰው ብር እንዳትልኩ

ሲያትልና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ለኦክቶበሩ ረጅም ዊክኤንድ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ቫንኩቨር ማዶ ለመሻገር ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም አትክፈሉ።

በቴሌግራም ግሩፖቻችን የሚዞር ማስታወቂያ አለ። "ካናዳ ካምፒንግ፣ ቦታ ተይዟል፣ ድንኳን ከእኛ፣ ለአንድ ሰው 220 ዶላር።" የሐይቅና የተራራ ፎቶ፣ እሳት ዙሪያ የሚስቁ ወጣቶች። እኛ ለሌበር ደይ (ለሴፕቴምበሩ ረጅም ዊክኤንድ) ነበር የገዛነው፤ አሥር ጓደኛሞች፣ ክፍያው ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው በዜል።

ከቫንኩቨር ማዶ፣ ስኳሚሽ ከተማ አጠገብ ያለው አሊስ ሌክ ፓርክ በር ላይ የፓርኩ ሠራተኛ በማን ስም እንደተያዘ ጠየቀችን። ሻጩ "እዚያ ስትደርሱ ይህን ስም ጥሩ፣ ያስገቧችኋል" ብሎን ስለነበር ጠራን። "እሱስ የታለ?" አለች። እሱማ የለም። በትህትና ግን ቁርጥ አድርጋ መለሰችን። ሻጩ ጋ ብንደውል አያነሳም፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ብሎክ አደረገን። ሌበር ደይ ላይ ስኳሚሽ አካባቢ ባዶ ቦታ መፈለግ ዘበት ነው። ለካምፕ ያዘጋጀነውን ጥብስ ከኩለር አውጥተን ሰሪ (Surrey) ከተማ ውስጥ በአንድ ሞቴል ፓርኪንግ፣ የመኪና ኮፈን ላይ እንጀራ ዘርግተን በላነው። መጣፈጡን አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ (ቫንኩቨር ያለችበት ክፍለ ሀገር) ፓርኮች ካምፕ ቦታ በስም የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ለሌላ ሰው አይዛወርም፣ መሸጥም ክልክል ነው። በስሙ የያዘው ወይም አብሮ ሁለተኛ ሆኖ የተመዘገበው ሰው እዚያው ካምፑ ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ ሻጩ አብሯችሁ ካልመጣ የሸጠላችሁ ነገር የለም ማለት ነው፤ ቦታው በእርግጥ የተያዘ ቢሆን እንኳ።

ቁጥሩም ራሱ አይገጥምም። በአንድ የካምፕ ቦታ ቢበዛ 8 ሰው ነው የሚፈቀደው፤ ከእነዚያ ውስጥ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከ4 መብለጥ አይችሉም። ለአሥር ጎልማሳ ሦስት ቦታ ያስፈልጋል። የእኛው ሰውዬ የሸጠልን አንድ ቦታ ነበር። ፓርኩ የሚያስከፍለው ደግሞ በካምፕ ቦታ በአዳር እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። 220ውን በአሥር አባዙና ትርፉን ገምቱት።

ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ ግን የወረቀቱ ጉዳይ ነው። አንዷ ጓደኛችን ፓስፖርቷ ጊዜው አልፎበት ነበርና ስትጠይቀው "ግሪን ካርድ ይበቃል" አላት። ውሸት ነው። ከኤፕሪል 26 ቀን 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛ ባይጠየቅም፣ ጊዜው ያላለፈ የአገሩን ፓስፖርት ከግሪን ካርዱ ጋር መያዝ ግድ ይለዋል። እሷ ነገሩን ራሷ አጣርታ ሳትመጣ ቀረች። አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ መሆኑን ሲነግረው "ካናዳ እኮ እዚሁ ናት፣ ማን ይጠይቃል?" ብሎታል። ወገኖቼ፣ የጥገኝነት ማመልከቻው ያላለቀ ሰው አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳያገኝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ነው የሚቆጠረው። ለሁለት ሌሊት ድንኳን ብሎ የዓመታት ልፋትን ገደል መክተት ነው። ቲፒኤስ (አሜሪካ የምትሰጠው ጊዜያዊ ከለላ) ያላችሁም ጠበቃችሁን ሳታነጋግሩ ድንበሩን አትርገጡ።

እግረ መንገዴን፦ ሴቶች ከቁልፋችሁ ጋር የምታንጠለጥሉትን ፔፐር ስፕሬይ ቤት ተዉት፤ ካናዳ ውስጥ የተከለከለ መሣሪያ ነው። ለድብ ተብሎ የሚሸጠው ግን ይፈቀዳል። የማገዶ እንጨትም ከዚህ ጭናችሁ አትሂዱ።

ገንዘቡስ? ባንኩ "ራሳችሁ ናችሁ የላካችሁት" አለን። ዜል ከላኩ በኋላ እጅ በእጅ እንደሰጡት ጥሬ ብር ነው። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ክፍያውን መቃወም ይቻል ነበር፤ ካርድ የማይቀበል "አዘጋጅ" ሲያጋጥማችሁ ከዚያው ተመለሱ።

ሰውዬው አሁን የቴሌግራም ስሙን ቀይሮ ያንኑ ፎቶ ለኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ እያዞረው ነው። ዕለቱ በካናዳ ታንክስጊቪንግ፣ እዚህ ደግሞ የፌዴራል በዓል ስለሆነ ገዢ አያጣም። መሄድ የምትፈልጉ በፓርኮቹ ድረ ገጽ በራሳችሁ ስም ያዙ፤ ሁለተኛውንም ስም እዚያው አስመዝግቡ፣ አንዱ ቢቀር ሌላው ያስገባችኋል። ሞልቷል ቢላችሁም የሚሰርዝ ሰው ስለማይጠፋ ደጋግማችሁ እዩ። ቀድማችሁ ለከፈላችሁ ደግሞ፦ የቦታውን ቁጥርና የያዘውን ሰው ሙሉ ስም ዛሬውኑ ጠይቁት፣ አብሮን ትሄዳለህ ወይ በሉት። "እዚያ ስትደርሱ..." ብሎ ከጀመረ ቻቱን ስክሪንሾት አንስታችሁ ለባንካችሁ ደውሉ።