ቦክሰር 150፦ በአዲስ ሞተር ከባሕር ዳር ጎንደር

መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቦክሰር ሞተር ሳይክል ከባድ አይደለም፤ አዲስ ሲሆን ግን ጥድፊያ አይወድም። ፒስተንና ሲሊንደሩ እስኪላመዱ፣ ቢያንስ እስከ 500 ኪሎ ሜትር፣ ጋዙን እስከ ጥግ አይስጡት። የፎገራ ሜዳ ሲዘረጋ እጅ ማሳከኩ አይቀርም! በአንድ ፍጥነት መዝለቅም አይበጅም፤ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ያለውን ዳገት በትልቅ ማርሽ ማስጨነቅ ያግለዋል።

አዲስ ካቴና ቶሎ ይላላል። ወረታ ላይ ቆም ብለው መሃሉን በጣት ወደ ላይ ይግፉት፦ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጫወት ደህና ነው። ከላላ ከጥርሱ ይዘላል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል። የመጀመሪያው ዘይት የብረት ብናኝ ስለሚይዝ ሲመለሱ ሳይውል ሳያድር ይቀየር።