«ኡምምም» የሚለውን ስፒከሬን ዝም ያሰኘች ሳጥን

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። ማታ ማታ በገና ከፍቼ ነው የምተኛው። በገና ደግሞ በራሱ ይነዝራል፤ አውታሩ ስር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ናት ያን ድምፅ የምታመጣው። እናም ከስር «ኡምምም» የሚለውን ነገር ለሳምንታት የበገናው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ሌሊት መዝሙሩ አልቆ ኡምምሙ ሲቀጥል ነው የባነንኩት።

ቤቴ አባይ ማዶ ነው። እቃዬም ያን ያህል አይደለም፤ ያገለገለ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ስፒከር፣ ቲቪ፣ የዲሽ ሪሲቨር። አምፕሊፋየሩን ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። «አይሲው (ድምፁን የምታጎላው ቺፕ) ተቃጥሏል» ብሎ ቀየረ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ እዛው ሞክሮ ጥርት አድርጎ አሰማኝ። ቤት ገብቼ ስሰካው ያው ኡምምም። እሱ ሱቅ ውስጥ ዲሽ የለማ! ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

መጀመሪያ ሁሉንም እቃ በአንድ ማከፋፈያ ሰካሁት፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከዛ ሪሲቨሩን አጥፍቼ (ወደ ዲሹ 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ ማጥፋቱ ጥሩ ነው) የዲሹን ገመድ ከጀርባው ፈታሁት። ጸጥ። መልሼ አሰርኩት፣ ኡምምም። ተገኘ!

የዲሹ ገመድ ላይ የተጠለፈው የውጭ ሽቦ ጣሪያ ላይ ካለው ብረት ጋር ይገናኛል፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በራሱ ሶኬት በኩል መሬት ይነካል፣ ሁለቱ ቦታዎች ቮልቴጃቸው እኩል ስላልሆነ ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው ቀይና ነጭ የድምፅ ገመድ ላይ ትንሽ ከረንት ይዞራል። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ስፒከሩም በዛው በ50 ኸርዝ ያጉረመርማል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይሄንን ነው።

መድኃኒቱ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ይባላል። ከተማ ውስጥ ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ። ሁለቱ ስሙንም አያውቁትም። ሦስተኛው «የመኪና ቴፕ ድምፅ ማጥሪያዋን ነው?» ብሎ ከመሳቢያ ስር ጎትቶ አወጣት። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ዋጋዋም ከአንድ ኪሎ ሥጋ በታች ነው። ውስጧ ሁለት ጥቃቅን ትራንስፎርመር አለ፤ ድምፁን በማግኔት ታሻግራለች፣ ሽቦው ግን አይገናኝም። መብራት አትፈልግም። በሪሲቨሩና በአምፕሊፋየሩ መሃል ሰካኋት፣ ኡምምሙ እዛው ሞተ። በእውነት ሳቅኩ።

አሁን ወደ ሮሮው። ከበሮ ሳስቷል። ትራንስፎርመሯ ትንሽ ስለሆነች ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አትሸከምም፣ በተለይ ድምፁ ከፍ ሲል። ለበገና አይታወቅም፣ ለወረብ ግን ያበሳጫል። ገመዷም ስንዝር ብቻ ናት።

ደግሞ ሁሉን ታጠፋለች ብላችሁ እንዳትገዙ። ፍሪጁ ሲነሳ «ጠቅ» የሚለው በመብራት መስመሩ ነው የሚመጣው፣ እሷ አትነካውም። «ዝዝዝ» የሚለው የኔ ርካሽ ቻርጀር ነበር፤ ሌላ ክፍል ወሰድኩት፣ ተገላገልኩ። ስልክ ሊጠራ ሲል «ጥጥጥ» የሚለውም የስልኩ ነው፣ ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንሱት። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባውን የድምፅ ገመድ ሁሉ ነቅላችሁም ሻከር ያለ ኡምታ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ አምፕሊፋየሩ ውስጥ የደረቀ ካፓሲተር (መብራቱን የሚያለሰልሰው እቃ) ነው፣ እሱ በ100 ኸርዝ ነው የሚያጉረመርመው። ያኔ ነው ጠጋኝ የሚያስፈልጋችሁ።

አንድ ጓደኛዬ «የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ስበረው፣ ይጠፋል» ብሎኝ ነበር። ሊጠፋ ይችላል። ግን ያ እግር አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ተላጦ ሳጥኑን ቢነካ 220 ቮልቱ በእናንተ በኩል እንዳያልፍ ነው የተቀመጠው። እንዳትሞክሩት።

ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለከበሮው ነው። ወረብ ስከፍት አሁን ከስልኬ በብሉቱዝ ነው፣ ዲሹን ፈትቼ።