ለኤአርኤም ፓኬጅ ለማዘጋጀት፦ ክሮስ ኮምፓይል ወይስ ኪውኢሙ?

ፕሮግራምዎ ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አሁን ራስበሪ ፓይ (በኤአርኤም ፕሮሰሰር የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) ያላቸውም ፈለጉት። የትኛው መንገድ ይሻላል፦ ላፕቶፑ ላይ ሆኖ በቀጥታ ለኤአርኤም የሚሆን ፋይል ማውጣት (ክሮስ ኮምፓይል) ወይስ የኤአርኤም ማሽንን በሚያስመስል ፕሮግራም (ኪውኢሙ) ውስጥ መሥራት?

ፍጥነት፦ ክሮስ ኮምፓይል የማሽንዎን ሙሉ ጉልበት ይጠቀማል። ኪውኢሙ የሌላውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ እየተረጎመ ስለሚሄድ ይንቀራፈፋል። ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ከሆነ ቡና አፍልተው እስከ በረካ ይጠጣሉ።

ቅለት፦ እዚህ ኪውኢሙ ይበልጣል። አንዴ ከተጫነ ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ጠቅልሎ የሚያሠራ መሣሪያ) ላይ የፕላትፎርሙን ስም መጨመር ነው፤ ፓኬጁን የሚሠራው ስክሪፕት ብዙም አይነካም። ክሮስ ኮምፓይል የራሱ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም) እና የኤአርኤም ላይብረሪዎች (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ኮዶች) ይፈልጋል። ራስ ምታቱ ያለው ላይብረሪዎቹ ላይ ነው። ስክሪፕቱ ሳያውቅ የላፕቶፑን ላይብረሪ ካነሳ ሊንከሩ (ኮዱንና ላይብረሪዎቹን የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) ስህተት ብሎ ይጮሃል። ሙሉ በሙሉ “ጎ” (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለተጻፈ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ሁለት ቅንብር መቀየር ይበቃል።

ወጪ፦ ሁለቱም ነፃ ናቸው። በደቂቃ በሚከፈልበት ሰርቨር ላይ ግን የኪውኢሙ ዝግታ ኪስ ይነካል።

ሙከራ፦ ክሮስ የተሠራው ፋይል ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ አይነሳም። ለሙከራ ያው ኪውኢሙ ወይም እውነተኛ የኤአርኤም ማሽን ያስፈልጋል።

አልፎ አልፎ ለሚወጣ ትንሽ ፕሮግራም ኪውኢሙን እመርጣለሁ። በየቀኑ ለሚሠራ ትልቅ ኮድ ክሮስ ኮምፓይል ድካሙን ይክሳል። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት በበኩሉ ፓኬጆቹን በአብዛኛው የሚሠራው በየፕሮሰሰሩ እውነተኛ ማሽን ላይ ነው። እርስዎም የኤአርኤም ማሽን ካለዎት ሁለቱንም ይተዋቸው።