የቴሌቪዥን ፕሮሞ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ፕሮጀክት ፋይሉን ሳታዩ ብር አትልቀቁ

ሐዋሳ ውስጥ የአየር ሰዓት ተከራይታችሁ ፕሮግራም የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ እኔን ያገኘኝ እናንተን እንዳያገኛችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ በአንድ ጣቢያ የሚተላለፍ ልዩ ዝግጅት ነበረን። የ30 ሰከንድ ፕሮሞ (ማስተዋወቂያ)፣ መክፈቻና ከሥር የሚወጣ የእንግዳ ስም ማሳያ በሞሽን ግራፊክስ (በሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ሥዕል) እንዲሠራልን ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ካለው ባለሙያ ጋር በ60 ሺህ ብር ተስማማን። በስልኩ ያሳየኝ ናሙና ዓይን ይማርካል። «ሁሉንም ራሴ ነው የምሠራው፣ ከማንም አልቀዳም» አለኝ። አመንኩትና 40 ሺህ ብር ቀብድ ላክሁለት።

በ10 ቀን ይደርሳል የተባለው ሥራ በ23ኛው ቀን፣ በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው መጣ። የፍቼን ቀን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብት አይተው ነው የሚወስኑት፤ ለእኔ ፕሮሞ ብሎ የሚጠብቅ በዓል የለም። በስልኬ ስከፍተው ደስ አለኝ። ማታ በትልቁ ቴሌቪዥን ስናየው ግን ባለቤቴ «ይህ ሐይቅ የእኛ ነው?» አለችኝ። ምስሉን አቁሜ ተጠጋሁ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ጫፉ በረዶ ለብሷል! የእኛን ታቦር ተራራ የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት ለሐዋሳ ይሰጣል? ዋናው ርዕስ በትክክል ተጽፏል፤ ከኋላው ፈጠን ብሎ በሚያልፈው ትንሽ ጽሑፍ ላይ ግን በ«ጨምበላላ» አምስት ፊደላት ቦታ አምስት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ፎንቱ የእኛን ፊደል አያውቅም። ከበሮው ዝቅ ሲል ደግሞ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ስም ትጠራለች። ያልተገዛ ሙዚቃ ናሙና ነው።

ጣቢያው አልተቀበለውም። እነሱ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያስተላልፋሉ፤ የእኛ በ30 ስለተሠራ ሲቀየር ተንሸራታቹ ጽሑፍ ይንቀጠቀጣል። የስም ማሳያው ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ግልጽ ጀርባ ሊኖረው ሲገባ ከነጥቁር ጀርባው በኤምፒ4 መጥቷል፤ እንግዳው ላይ ሲደረብ ደረቱን በሙሉ ይሸፍናል።

እናስተካክለው ብዬ ፕሮጀክት ፋይሉን፣ ማለትም ሥራው ተከፍቶ የሚስተካከልበትን ዋናውን ፋይል፣ ጠየቅሁ። ባለሙያው ከቀሪው ሌላ 20 ሺህ ካልጨመርኩ እንደማይሰጠኝ ነገረኝ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ወጣት ኤዲተር ያንኑ መክፈቻ፣ በረዶውም ሳይቀር፣ ቴምፕሌት (ቀድሞ የተዘጋጀ፣ ጽሑፉ ብቻ የሚቀየር ሥራ) ከሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ አውጥቶ አሳየኝ። ለፈለገ ሁሉ የሚሸጥ ነው፤ ነገ በሌላ ጣቢያ የሌላ ሰው መክፈቻ ሆኖ ብናየው ምንም ማለት አንችልም። ቴምፕሌት መጠቀም በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ጨዋ ባለሙያዎች ነግረውን፣ በዋጋው ልክ አስከፍለውን ይሠሩበታል። «የእጄ ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጡ። ያሳያችሁን ናሙና ሞሽን ግራፊክስ በሚሠራበት ፕሮግራም፣ በአፍተር ኢፌክትስ፣ ይክፈተው፤ አንድ የአማርኛ ቃል በፊታችሁ ይቀይር። ሥራው የራሱ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሰበብ ከደረደረ ተነሥታችሁ ሂዱ። በውሉ ላይ የምስሉን መጠን 1920 በ1080፣ ፍሬሙን በሰከንድ 25 ብላችሁ አስጽፉ። የስም ማሳያው ግልጽ ጀርባ በሚይዝ ፎርማት፣ ለምሳሌ በፕሮሬስ 4444፣ እንዲሰጣችሁ፣ ፕሮጀክት ፋይሉ ከነፎንቱና ከሙዚቃው ግዢ ደረሰኝ ጋር የእናንተ እንዲሆን ይጻፍ። ቀሪውን ክፍያ ጣቢያው «ተቀብያለሁ» እስኪል ድረስ ያዙት።

ፕሮሞውን ያ ወጣት ኤዲተር በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ባለፈው ዓመት በቀረጽነው ምስል በሁለት ሌሊት እንደ አዲስ ሠርቶልን በዓሉ ደረሰ። የእኔ 40 ሺህ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ በእጄ ያለው የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው፣ የጽሑፍ ውል አልነበረኝም። በዚሁ መንገድ የተታለላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አቤቱታውን አብረን እናቅርብ።