ባውንደሪ ዋተርስ አልሳካ ካለ፦ ለአንድ ሳምንት የቱ ይሻላችኋል?

ጃንዋሪ፣ የመጨረሻው ረቡዕ፣ ጠዋት። ስልኬም ኮምፒውተሬም ተከፍተው የባውንደሪ ዋተርስ መግቢያ ፈቃድ ማስያዝ የሚጀመርበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። ደረሰ፣ ተጫንኩ። የምፈልገው መግቢያ አለ፣ ቀኑ ግን ተይዟል። ሌላ ቀን ሞከርኩ፣ እሱም ሄዷል። ሁለት ዓመት በተከታታይ እንዲህ ሆነብኝና በቃ ሌላ ቦታ እንፈልግ ተባባልን።

ለማታውቁት፣ ባውንደሪ ዋተርስ በሰሜን ምሥራቅ ሚኔሶታ ከካናዳ ድንበር ጋር ተጣብቆ ያለ፣ ከ1,000 በላይ ሐይቆች ያሉት የዱር አካባቢ ነው። ከ2,000 በላይ የድንኳን ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ ላይ የእሳት ፍርግርግና ጫካው ውስጥ ገባ ያለ መጸዳጃ ታገኛላችሁ። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ በእያንዳንዱ መግቢያ በቀን የሚገባው ቡድን በቁጥር የተወሰነ ነው። አንድ ቡድን ከ9 ሰውና ከ4 ጀልባ አይበልጥም። ሕጉን አልቃወምም፣ ቦታው ጸጥ ብሎ የቆየው በእሱ ነው። ፈቃድ ላጣ ሰው ግን ምን ያደርግለታል?

አማራጭ ስንፈልግ ሁላችንም ፎቶ እናያለን። ፎቶ ላይ ደግሞ ሁሉም ሐይቅ አንድ ነው፦ ጠዋት፣ ጭጋግ፣ ቀይ ካኑ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ)። ያንን ካኑ እዚያ ድረስ ማን እንደተሸከመው ፎቶው አይናገርም። እኔ አሁን የምመርጠው በሸክሙ ነው። ምን ያህል ነው፣ በስንተኛው ቀን ይመጣል፣ ሲያቅተን መውጫ አለ ወይ? ሦስቱን ካወቅኩ ሌላው ዝርዝር ነው።

ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ጀልባውንና ጓዙን ተሸክሞ በእግር መሻገር ፖርቴጅ ይባላል። ካኑው ተገልብጦ ከላያችሁ ይወጣና መሐሉ ላይ የተጋደመችው እንጨት ትከሻችሁ ላይ ታርፋለች። ይህችን እንጨት እንግሊዝኛው ራሱ ቀንበር ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሰው ተሸክሞ የሚያውቅ መሆን አለበት። ኬቭላር ከሚባል ቀላል ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ካኑ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የአሉሚኒየሙ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል፣ አራተኛው ፖርቴጅ ላይ ግን አንገታችሁ ይነግራችኋል። ባውንደሪ ዋተርስ ካርታ ላይ ርቀቱ የሚጻፈው በሮድ ነው። አንድ ሮድ 5 ሜትር፣ በግምት የአንድ ካኑ ርዝመት ነው። ጓዙ ባንዴ ካልተነሳላችሁ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይመጣል፦ አንዱን ጭነት አድርሶ፣ ባዶ እጅ ተመልሶ፣ ሁለተኛውን ይዞ መሄድ። ካርታው 1 ኪሎ ሜትር ሲል እግራችሁ 3 ኪሎ ሜትር ይቆጥራል።

ኩዌቲኮ

ከባውንደሪ ዋተርስ ድንበሩን ስትሻገሩ ያለው የኦንታሪዮ ፓርክ ነው። ሐይቁ ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ ጥዱ ያው። 4,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ሰው ግን በጣም ያነሰ ነው። "ልክ እንደዛኛው ግን ጸጥ ያለ" ለሚል ሰው መልሱ ይኼ ነው፣ ሌላ መፈለግ አያስፈልገውም።

ግን ምልክት የሚባል ነገር የለም። የድንኳን ቦታው አይታወጅም፣ የእሳት ፍርግርግ የለም፣ መጸዳጃም የለም፤ ቆፍራችሁ ትቀብራላችሁ። የፖርቴጁም መጀመሪያ በዛፎች መሐል ያለች ክፍተት ናት፣ አንዳንዴ ክፍተትም አትመስልም። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዷን መግቢያ ፍለጋ የሐይቁን ሰላጤ ዳር ዳር ሦስት ጊዜ ዞርን። ጂፒኤሱ "እዚህ ነው" ይላል፣ ከፊታችን ያለው ቁጥቋጦ ነው። መጨረሻ ላይ ያገኘናት ውሃው ጫፍ ላይ ባለ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ብርማ ጭረት ነበር፣ የአሉሚኒየም ካኑዎች በየዓመቱ ሲያርፉ የፋቁት። ከዛ ወዲህ እኔ ዛፍ አላይም፣ ድንጋይ ነው የማየው።

ሸክሙስ? ከባድ ነው። መንገዱ እንደ ጎረቤቱ አይጸዳም፣ የወደቀ ግንድ ካኑ ተሸክሞ መሻገር ወይም በሥሩ መጎንበስ አለ። መውጫ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል፤ መሐል ላይ የአንዱ እግር ቢዞር በገባችሁበት መንገድ ተመልሶ መቅዘፍ ነው። ከደቡብ በኩል፣ ከአሜሪካ ሐይቆች በቀጥታ ቀዝፎ መግባት ይቻላል፣ ግን የካናዳን የድንበር ሥርዓት ቀድማችሁ መጨረስ አለባችሁ። ከሰሜን፣ ከአቲኮካን በኩል በመኪና ደርሶ መግባት ከዚህ ጣጣ ይገላግላል። በሁለቱም በኩል የምግብና የመጠጥ ቆርቆሮና ጠርሙስ ክልክል ነው።

ለጀማሪ አልመክርም። ካርታ ማንበብ የሚወድ አንድ ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ከሌለ ተዉት።

አልጎንኩዊን

ይኼኛው ከቶሮንቶ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በ1893 የተቋቋመ፣ ከ7,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የካኑ መስመር ያለው ፓርክ። ፖርቴጁ መግቢያ ላይ ታፔላ አለ፣ ርቀቱም ተጽፎበታል። የ200 ሜትር ፖርቴጅም የ3 ኪሎ ሜትርም ስላለ ሸክሙን እንደ አቅማችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ።

አንድ የማልወድለት ነገር አለ። እያንዳንዱን ምሽት የምታድሩበትን ሐይቅ ቀድማችሁ ማስያዝ አለባችሁ። ማክሰኞ ነፋስ ተነስቶ ሐይቁ ነጭ አረፋ ቢያወጣም ማክሰኞ ማታ የተያዘላችሁ ሐይቅ ማዶ ነው። ስለዚህ ስታስይዙ ቀኑን አታጥብቡት፤ ሰባት ቀን ካላችሁ የአምስት ቀን መንገድ ያዙ፣ ሁለቱን እዚያው አንድ ቦታ ላይ እደሩበት። ሀይዌይ 60 አጠገብ ያለው ይጨናነቃል። ሁለት ፖርቴጅ ካለፋችሁ በኋላ ግን ሰዉ ይሳሳል፣ ሰነፉ ሁሉ እዚያ ስለሚቀር (እኔም አንዳንዴ ከነሱ ነኝ)።

መቅዘፍ የማይወድ ካለ ዌስተርን አፕላንድስ የሚባለው የእግር መንገድ እዚያው አለ። በ32፣ በ55 እና በ88 ኪሎ ሜትር ይዞራል፤ ሳምንት ላለው ትልቁ ይበቃዋል።

ቦውሮን ሌክ

ምዕራብ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ባርከርቪል አጠገብ። ሐይቆቹና ወንዞቹ ተያይዘው 116 ኪሎ ሜትር የሚዞር ቀለበት ሠርተዋል። ከጀመራችሁበት ቦታ ትጨርሳላችሁ፣ መኪናችሁ እዚያው ትጠብቃችኋለች። ሰው በአብዛኛው ከ6 እስከ 10 ቀን ይፈጅበታል። ለአንድ ሳምንት ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ዙሪያውን ደግሞ ተራራ ነው፣ ጫፉ ላይ በረዶ ያለበት፤ ያኛዎቹ ሦስቱ ሜዳ ናቸው ማለት ውሸት ቢሆንም፣ ከዚህ ጋር ሲተያዩ ግን ሜዳ ናቸው።

እዚህ ሸክሙ መልኩን ይቀይራል። ካኑውን ሁለት ጎማ ባላት ጋሪ ላይ አስራችሁ ትጎትታላችሁ። ቀንበር የለም። ግን ጋሪው ላይ በካኑው ውስጥ የሚቀመጠው ጓዝ ከ28 ኪሎ እንዲበልጥ አይፈቀድም፣ መንገዱን ስለሚያርስ ነው፤ ስትመዘገቡ ሚዛን ላይ ይወጣል። የተረፈው በጀርባ ነው። ሌላው ደግሞ መከራው ከፊት መምጣቱ ነው፦ ገና ሳትቀዝፉ 2.4 ኪሎ ሜትር፣ ትንሽ ቀዝፋችሁ 2 ኪሎ ሜትር፣ እንደገና 1.6 ኪሎ ሜትር። ከጠቅላላው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ፖርቴጅ ውስጥ ከግማሽ በላዩ በመጀመሪያው ቀን ወይም ቀን ተኩል ያልቃል። ጭቃ ካለ ጋሪው ይሰምጣል፣ ሰውም ይጨቃጨቃል። ያንን ካለፋችሁ ግን አይዛክ የሚባለው 38 ኪሎ ሜትር ሐይቅ ይከፈትላችኋል። ትከሻ ያርፋል፣ ክንድ ይጀምራል።

አይዛክ ላይ ጠዋት ተነሱ። በጣም ጠዋት። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይመጣል፣ ውሃው የበረዶ ቅልጥ ነው፣ ዳር ዳሩን መሄድ ግድ ነው። መጨረሻው ላይ ውሃው ጠቦ እየሮጠ የሚወርድበት ቦታ አለ፤ ልምድ የሌለው በእግሩ ይለፈው፣ አያሳፍርም። ድብም አለ፣ ጥቁሩም ግሪዝሊውም። ምግቡ ድንኳን ውስጥ አያድርም፣ የድንኳን ቦታዎቹ ላይ ለዚሁ የተሠራ የብረት ማስቀመጫ አለላችሁ።

አይል ሮያል

በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ባለው በትልቁ ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ያለ ደሴት፣ 72 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ መኪና የሌለበት ብሔራዊ ፓርክ። ከአፕሪል 16 እስከ ኦክቶበር 31 ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው። የሚደረሰው በጀልባ ወይም ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ከ1958 ጀምሮ የደሴቱ ተኩላዎችና ሙስ የሚባሉት ግዙፍ አጋዘኖች አብረው ሲጠኑ ኖረዋል። ድብ የለም። ቀበሮ ግን አለ፣ ጫማችሁን ውጭ ካሳደራችሁ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ውሻችሁን ይዛችሁ መሄድ አይቻልም።

ግሪንስቶን ሪጅ የሚባለው መንገድ በደሴቱ ጀርባ ላይ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከዊንዲጎ ተነስቶ ሮክ ሃርበር አካባቢ ይደርሳል። ለሳምንት አይበዛም፣ ዳር ዳር ያሉትን ሰላጤዎች ጨምራችሁ ትሄዱታላችሁ። ሸክሙ በየቀኑ ያው ነው፣ ከቦርሳው የበላችሁት ብቻ ይቀንሳል። እስከ 6 ሰው ለሆነ ቡድን የድንኳን ቦታው ቀድሞ ለደረሰ ነው፣ ስለዚህ ማክሰኞ ደክሟችሁ ከቀራችሁ ቀራችሁ። ይኼን ነው ከአልጎንኩዊን የምወድለት።

ውሃውን ግን አደራ። ተኩላና ሙስ እየተቀባበሉ የሚያዞሩት የኮሶ ትል ዓይነት ጥገኛ አለ፣ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለዚህ የውሃ ማከሚያ ኪኒን አይታመንም። ማፍላት ወይም 0.4 ማይክሮን እና ከዚያ በታች በሆነ ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። እኔ በሦስተኛው ቀን ማጣሪያዬ ደፈነብኝ። ኪሴ ውስጥ ኪኒን ነበረኝ፣ ሞልቶ። ምን ያደርግልኛል? ቀሪውን መንገድ እያፈላን ጠጣን፤ እንጨት እናንድድ እንዳንል ደግሞ እሳት የሚፈቀደው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፣ ያችን ጋዝ እየቆጠብን፣ ትኩስ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ እያቀዘቀዝን። የመጨረሻው ቀን ላይ ጋዙን ነቅንቀን ነው ድምፅ የምንሰማው። ሁለት ማጣሪያ ያዙ።

የጀልባውን መርሐ ግብር ቀድማችሁ አይታችሁ ነው ፈቃድ የምትጠይቁት፣ የትኛውም መስመር በየቀኑ ይኖራል ብላችሁ አትገምቱ። ጭጋግና ማዕበል ካለ ይዘገያል። የአንድ ቀን ምግብ ትርፍ ያዙ። ካኑ ይዤ ልሂድ የሚል ካለ፣ የውስጥ ሐይቆቹ ደስ ይላሉ፣ ሱፒሪየር ላይ ግን በክፍት ካኑ መውጣት ቀልድ አይደለም።

ሱፒሪየር ሃይኪንግ ትሬይል

ቶሎ ልበልና ልለፍ፣ ብዙ የሚወራበት ነገር ስለሌለ፤ ጥሩነቱም እሱ ነው። ሚኔሶታ ውስጥ ከሱፒሪየር በላይ ባለው ሸንተረር ላይ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ፈቃድ የለም፣ ማስያዝ የለም፣ የድንኳን ቦታው ነጻ ነው። ቦታው ከሞላ ትጠጋጋላችሁ። የሚሆናችሁን ያህል ቆርጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሀይዌይ 61 ሩቅ ስላልሆነ ያቃተው ሰው መውጫ አለው። "ነገ እንሂድ" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የዱርነት ስሜቱ ግን ይቀንሳል፣ አንዳንዴ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር። ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ትንኙና ጥቁር ዝንቡ ያብዳል፤ የሄድኩባቸው ሁሉም ቦታዎች ላይ ያው ነው፣ ደሴቱም አልቀረለትም። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ይሻላል። ማታው ይበርዳል፣ ግን ሰው ብርድን ይለብስበታል፣ ትንኝን ምን ይለብስበታል?

ኩዌቲኮ ለሁለት ጠንካራ ሰው ነው። ልጅ ወይም አዲስ ሰው ካለ አልጎንኩዊን፣ ያውም አጭር አጭሩን ፖርቴጅ። መቅዘፍ ለማይፈልግ አይል ሮያል።

እኛ ዘንድሮ አራት ነን፣ የአንዳችን ጉልበት ካምና ወዲህ ቀንበር አይችልም። ስለዚህ ቦውሮን፣ ሴፕቴምበር መጀመሪያ። ትናንት ጋሪው ላይ የሚጫነውን ጓዝ ሳሎን ውስጥ ሚዛን ላይ አወጣነው፦ 34 ኪሎ። 6 ኪሎ መቀነስ አለበት። ሁሉም የሌላውን ቦርሳ ነው የሚያየው።