ጅማ መርካቶ ያሉት ሃምሳ አለቃ፦ ስለ ጥገናቸውም ስለ አነጋገራቸውም

የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ አልሞቅ ብሎ ከጅሬን በባጃጅ ጭነን መርካቶ ወዳሉ አንድ ጡረተኛ ወታደር ወሰድነው፣ ሰዉ ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነው የሚላቸው፣ ሰራዊት ውስጥ የሬዲዮ መገናኛ ላይ ነበሩ። እኔ ከወታደር ጋር ቁጭ ብዬ አውርቼ አላውቅም፣ መጀመሪያ የተቆጡ ነው የመሰለኝ። ሰላምታው አንዴ ነው፣ ከዛ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ። ስልኬን ስነግራቸው አንድ በአንድ መልሰው አነበቡልኝ፣ ቀጠሮውን ደግሞ እኔ እንድደግምላቸው አደረጉ፣ ወረቀቱ ላይ 14:00 ብለው ከስሩ "ከቀኑ 8 ሰዓት" ብለው ጻፉ።

ጥገና ቤት "ነገ ና" እየተባለ ስንት ቀን እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሳቸው በዋዜማው ደወሉ፣ "ገመዱና ፕለጉ ተቃጥሏል፣ ተቀይሯል፣ ነገ 8 ሰዓት ዝግጁ ነው፣ ጥያቄ አለ?" የለም ስላቸው ዘጉት። በሰዓቱ ስንደርስ ምጣዱ ሞቆ ጠበቀን፣ ዋጋውም ያሉት ነው። ለምን እንደዛ እንደሚያወሩ ስጠይቃቸው የነገሩኝ በጣም ነው የገረመኝ፣ የወታደር ሬዲዮ እንደ ስልክ አይደለም፣ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲያወራ ሌላው መግባት አይችልም፣ ስለዚህ አሳጥረህ ትናገርና ስትጨርስ "ኦቨር" ብለህ ትለቃለህ። በእንግሊዝኛው ደግሞ ሳይሰሙ ሲቀሩ "ሴይ አጌን" ነው እንጂ "ሪፒት" አይባልም፣ ለመድፈኛ "ሪፒት" ማለት ደግመህ ተኩስ ነውና።

ግን ያልወደድኩትም አለ። እናቴ ነገር ስትናገር ከስሩ ነው የምትጀምረው፣ ምጣዱን የወሰድን ቀን "ማድቤቱን ወደ ጓሮ ካዞርነው ወዲህ…" ስትል አቋረጧት፣ "እናቴ፣ ይሞቃል አይሞቅም?" አይሞቅም አለችና ዝም አለች፣ ፊቷ ሲከፋው አየሁት። እኔም በጣም ነው ያዘንኩት፣ በሷ እድሜ ያለ ሰው እንደዛ አይቋረጥም።

በሁለተኛው ቀን ፕለጉ እንደገና ቀለጠ። ለካ ጓሮ ስትጋግር በቀጭን ኤክስቴንሽን ነው የምትሰካው፣ ምጣድ እኮ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፣ ያ ገመድ እንዴት ይችለዋል? ልትነግራቸው የነበረው ይሄንኑ ነው!

ስንደውል ቤት ድረስ መጡ። አይተው ምክንያት ሳይደረድሩ "ስህተቱ የኔ ነው እናቴ፣ ባስጨርስዎት ኖሮ ያኔውኑ አውቀው ነበር" አሏት። እንደዚህ የሚል ባለሙያ አጋጥሞኝ አያውቅም፣ በእውነት ልቤን ነካኝ። ወፍራም ገመድ ዘረጉላት፣ የገመዱን ብቻ ተቀበሉ። እናቴ ቡና አፍልታ አስቀመጠቻቸውና ያን ያቋረጧትን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው፣ እስከ ሶስተኛው ስኒ ሰሟት።

ምጣድ የተበላሸባችሁ ውሰዱላቸው፣ በሰዓታቸው ድረሱ፣ የት እንደምትሰኩትና መቼ እንደጀመረው ግን ሳይጠይቋችሁ ንገሯቸው፣ ቢያቋርጧችሁም ጨርሱት።